በአንድ ገመድ ሦስት ሰው

ጥር 3፣ ማክሰኞ

ፌንጣዬ፣

«እማማ፣ አሁንም እንደተቆጣሽ ነው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። አዎ። ሲወጣልኝ እኔው እነግርሻለሁ፣ አንቺ አትቸኩዪ። ከቁጣው በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደልማዱ ይነታረከኛል፣ እኔም እመልስለታለሁ። እናትሽን ዳቦ ፋብሪካው የማታ ፈረቃ አስገብቷታል፤ ቀኑን ሙሉ ተጠቅልላ ትተኛለች፣ ስትነሳ ቅንድቧ ላይ ዱቄት አለ። ስላንቺ አንድ ጊዜ ትጠይቃለች፣ ሁለት ጊዜ ታዛጋለች።

ደብዳቤሽን ያ የአውቶቡሱ ሹፌር ነው ያመጣልኝ። በሩ ላይ ቆሞ፣ «እማማ፣ ይቺ ልጅ የምሯን ነው ያንን ጭሳም ተራራ የምትወጣው?» አለኝ።

«እኔን ትጠይቃለህ? አንተ አይደለህ የወሰድካት?»

«እኔማ ከሥሩ ካለችው ከተማ ነው ያደረስኳት። ከዚያ በላይ አውቶቡስ አይወጣም።»

አየሽ? ለአውቶቡስ የገባው ላንቺ አልገባሽም።

ሰው የዓመት ፈቃዱን ሲያገኝ ይተኛል። ዘመድ ይጠይቃል። ጣሪያውን ያስጠግናል። የኔ ልጅ ግን ከመድኃኒት ቤቱ ወጥታ፣ ነጭ ካፖርቷን እዚህ ቤት በሩ ጀርባ ሰቅላ፣ መሪ ቀጥራ፣ እሳት የሚተፋ ተራራ ልውጣ ብላ ሄደች። «እሳቱ ከተኛ ብዙ ዘመኑ ነው፣ አሁን ጭስ ብቻ ነው ያለው» ብለሽ ጽፈሽልኛል። የተኛ ሁሉ ይነሳል እኮ። እናትሽን በስድስት ሰዓት ቀስቅሻትና ታይዋለሽ።

የገመዱን ነገር ሁለቴ አነበብኩት፣ ከጻፍሽው ሁሉ እሱ ነው ደስ ያለኝ። እንደገባኝ እንዲህ ነው፤ ከተሳሳትኩ አርሚኝ። ሦስት ሆናችሁ በአንድ ገመድ ትታሰራላችሁ። ፊት መሪው፣ መሀል ያ ጡረታ የወጣው ቆጣሪ አንባቢ፣ ኋላ አንቺ። መሪው በየጠዋቱ ገመዱን ሳያስር በፊት ዓይን ዓይናችሁን እያየ «ራስዎን ያምዎታል?» ብሎ ይጠይቃል። እዚያ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ክፉው በሽታ መጀመሪያ በራስ ምታት ነው የሚመጣው። አንዳችሁ «አዎ» ካላችሁ ሦስታችሁም ትወርዳላችሁ፣ ምክንያቱም መሪው አንድ ነው፤ የታመመውን ጥሎ አይወጣም፣ ጤነኛውንም ብቻውን አይለቅም።

ይህን ሕግ ያወጣ ሰው እጁ ይባረክ። እንግዲያውስ ነገ ጠዋት ሲጠይቅሽ «አዎ፣ ራሴን» በዪውና ቀጥታ ወደ ቤት። ውሸት ይከብደኛል ካልሽ የኔን ራስ ምታት አውስሻለሁ፣ ሙሉ ጤነኛ ራስ ምታት ነው።

ቆጣሪ አንባቢው ግን ገርሞኛል። ዕድሜ ልኩን የሰው ደረጃ ሲወጣና የመብራት ቆጣሪ ሲያነብ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ደረጃ ናፈቀው? ሚስቱ አትሂድ ብላው፣ እምቢ ሲላት ቦርሳውን ደብቃበት ነበር አልሽኝ። ባውቃት ሰላም በዪልኝ እልሽ ነበር። ጭንቅላት ያላት ሴት ናት።

ካልሲሽን ደርቢ። ሁለቱንም።

አያትሽ


ጥር 10፣ ማክሰኞ

ፌንጣ፣

ሦስት መስመር? አንቺ? የማደሪያውን ቤት ምድጃ ለመግለጽ ሁለት ገጽ የፈጀሽ ልጅ፣ አናቱ ላይ ወጥተሽ ሦስት መስመር?

«ደህና ነኝ። ወጥተናል። ጋሼ ስለታመሙ ሆስፒታል ነን፣ እዚህ ትንሽ እቆያለሁ።» አለቀ። ወረቀቱን ገልብጬ አየሁት፣ ጀርባው ባዶ ነው። ሹፌሩን «ሌላ ወረቀት መንገድ ላይ አልጣልክም?» ብዬ ኪሱን አስፈተሽኩት። ኪሱ ውስጥ ያለው የተነከሰ ዳቦ ነው። «እማማ፣ እኔ ደብዳቤ አልበላም» ብሎ ተቀየመኝ።

ስትሄጂ «አናቱ ላይ ያየሁትን ሁሉ እጽፍልሻለሁ» ብለሽ ምለሽልኛል። የታለ? አፉ ምን ያህል ይሰፋል? ጭሱ ምን ምን ይሸታል? አንዲት ቃል የለም። አንቺ ነገር ስትደብቂ ታጥሪያለሽ። ልጅ ሆነሽ ብርጭቆ የሰበርሽ ቀን «እማማ እንደምን ዋልሽ» ብለሽ ጥግሽን ትይዢ ነበር፤ ሌላ ቀን «እንደምን ዋልሽ» ብለሽኝ አታውቂም፣ በሱ ነው የምይዝሽ።

እናትሽ «ምን አለች?» አለችኝ።

«ብርድ ነው አለች።»

«ሌላስ?»

«ብርዱ ብዙ ነው አለች።»

መቼም ውሸት አይደለም።

እኔ ሥራዬን እሠራለሁ። የፊት ለፊቱ ባለሱቅ ፍራሼን ሙዪልኝ ብሎ አምጥቶልኛል። መሀሉ እንደ ገንዳ ጎድጉዷል። ጥጡን አውጥቼ ስነድፈው ሚስቱ ተደብቃ መጣችና በጆሮዬ «እማማ፣ በጣም ደልዳላ አያድርጉት» አለችኝ። ለምን ብላት፣ «ስንጣላ ጀርባ እንሰጣጣለን፣ ስናንቀላፋ ጉድጓዱ አንድ ላይ ያንከባልለናል፣ ጠዋት ታርቀን እንነሳለን» አትለኝም! ሳቅኩ። ከሳቅኩ በኋላ ግን ዓይኔ ያንቺ ወረቀት ላይ ነበር፣ መርፌው ጣቴን ወጋኝ።

ሰውዬው ምን ሆኖ ነው? ወድቆ ነው? ልቡ ነው? ያቺ ቦርሳ የደበቀችው ሚስቱ ሰምታለች? መሪው የት ነው ያለው? አንቺስ ለማታውቂው ሰው ሆስፒታል ምን አስቀመጠሽ? ፈቃድሽ ሊያልቅ ነው፣ አለቃሽ ትናንት በመድኃኒት ቤቱ ደጅ ሳልፍ «መቼ ነው የምትመጣው?» ብሎ በመነጽሩ ላይ አየኝ።

ቁጣዬ ወጥቶልኛል። አሁን ፈርቻለሁ። ቁጣው ይሻለኝ ነበር።

አያትሽ


ጥር 14፣ ቅዳሜ

ልጄ፣

አነበብኩት። እናትሽ እስክትወጣ ጠብቄ፣ ጥጡ ክምር ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ጽፈሽ የሰረዝሽውንም ለብርሃን ይዤ አነበብኩት።

በትክክል ገብቶኝ እንደሆነ መልሼ ልንገርሽ። ከሰዓት በኋላ ማደሪያው ቤት ደረሳችሁ፣ ከዚያ በላይ ቤት የለም። መሪው በረዶ ሊያቀልጥ ወደ ውጭ ወጣ። ያኔ ሰውዬው «ልጄ፣ መድኃኒት ቤት አይደለሽ የምትሠሪ? ለራስ ምታት የምትሆን ነገር አታጪም» አለሽ። ሰጠሽው። አላሰብሽም። እድሜሽን ሙሉ በዚያች መስኮት እጅ ሲዘረጋልሽ ክኒን ስትሰጪ ነው የኖርሽው፣ እጅሽ ሰጠ። ጠዋት ልትነሱ ስትሉ ደግሞ ጠየቀሽ። ያኔ ግን አስበሻል። «ለመሪው አደራ እንዳትነግሪ፤ ካወቀ ሦስታችንም መውረዳችን ነው፣ እኔ ደግሞ ሌላ ዓመት የለኝም» አለሽ። ሰጠሽው። አንቺም መውረድ አልፈለግሽም። ይህን ራስሽ ነሽ የጻፍሽው፣ እኔ አልጨመርኩም።

ከዚያ መሪው ገመዱን ይዞ መጣና ጠየቀ። ሰውዬው «ምንም አላመመኝም» አለ። መሪው ወዳንቺ ዞሮ «ሁሉም ደህና ነው?» አለሽ። «ደህና ነው» አልሽ።

አናቱ ላይ ስትደርሱ ሰውዬው ጭሱ ወደሚወጣበት ጉድጓድ ቁልቁል እያየ «ቆጣሪው የት ነው የተሰቀለው?» አለ። ቀልድ መስሏችሁ አንቺም መሪውም ሳቃችሁ። ሁለተኛ ሲጠይቅ ግን አልሳቃችሁም፤ ያ ክፉው በሽታ መሆኑ ገባችሁ።

እዚህ ላይ ደርሼ ተነስቼ ውሃ ጠጣሁ።

ለሐኪሙ ስለ ክኒኑ የዚያኑ ዕለት ነግረሽዋል። ጥሩ አደረግሽ፣ ሐኪም ሌላ ነው፣ ለሕክምናው ነው፣ የበሽተኛን ነገር አውጥቶ አያወራም። ማን እንደሰጠው አልጠየቀሽም፣ ይኼም ጥሩ።

አሁን «ጥፋተኛ ነኝ ወይ?» ትይኛለሽ። ልጄ፣ ፍርድ ቤት መስዬሻለሁ? ፍራሽ ሰፊ ነኝ። የምልሽን ስሚ። ዝም በዪ። ለማንም፣ ለማንም እንዳትናገሪ። ሰውዬው ሽማግሌ ነው፣ አንቺ አልጎተትሽው፣ አንቺ ተራራ ውጣ አላልሽው፣ ሚስቱ እንኳን አላቆመችው። ብትናገሪ ይነሳል? አይነሳም። አለቃሽ ግን ቢሰማ፣ ከመድኃኒት ቤት ውጭ ለሰው ክኒን አድላ ሰውየው አእምሮውን ሳተ ተብሎ ቢወራ፣ ያቺ መስኮት ድጋሚ አታይሽም። እናትሽ አንድ ደመወዝ ይዛ እኔን ከነጉልበቴ ልትሸከም ነው?

«መሪውስ?» ብለሻል። መሪው ሥራው ነው። ትልቅ ሰው ነው፣ አፍ አለው፣ ራሱን ይከላከል።

ሚስቱ መጥታ ብትጠይቅሽ «አልነገሩኝም» በዪና ፊትሽን አዙሪ። በሚመለሰው አውቶቡስ ነይ። ስልክ ለምን አትደውዪም ላልሽው፣ ስልኩ ያለው ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ነው፤ እዚያ «ሀሎ» ስትዪ ሰፈሩ ሁሉ «አቤት» ይላል። ይህን ደግሞ በስልክ?

አንብበሽ ምድጃ ውስጥ ክተቺው።

አያትሽ


ጥር 17፣ ማክሰኞ

እማማ፣

እሺ። እንዳልሽኝ ዝም ብያለሁ። ወረቀቱንም አቃጥዬዋለሁ።

በአውቶቡሱ ግን አልመጣሁም፣ አትቆጪኝ። ጋሼ ዓይናቸውን ይገልጣሉ፣ ሾርባ ሲያጎርሷቸው ይውጣሉ፣ ሰው ግን አይለዩም። ባለቤታቸው መጥተዋል። ጋሼ የገዛ ሚስታቸውን «አንቱ» እያሉ ነው የሚያናግሯቸው፣ እንደ እንግዳ ሰው። «አንቱ፣ ይቀመጡ እንጂ» ይሏቸዋል። እሳቸውም «እሺ» ብለው ይቀመጣሉ። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ወጥተው ያለቅሳሉ።

ኮሪደሩ ላይ አጠገቤ ነው የሚቀመጡት። ብርቱካን ልጬ እሰጣቸዋለሁ፣ ግማሹን ለኔ ይመልሱልኛል። «ልጄ» ይሉኛል። ትናንት «አሞኛል ብሎሽ ነበር?» አሉኝ። «አልነገሩኝም» አልኳቸው። ግንባሬን ሳሙኝ።

መሪው በየቀኑ ይመጣል። እትዬ አያስገቡትም። በሩ ላይ ቆመው «ሳትጠይቀው ጎትተህ ወሰድክብኝ» ይሉታል። «ጠይቄአቸዋለሁ» ይላል። ሌላ ነገር አይልም። ወደኔ አያይም። አንዴ ቢያየኝ ይሻለኝ ነበር።

አርብ ጠዋት የመሪዎቹ ማኅበር ይሰበሰባል። ሳይጠይቅ ነው የወጣው ከተባለ የመሪነት ፈቃዱን ለዘለዓለም ይነጥቁታል። እኔንም ጠርተውኛል። እንዳልሽኝ፣ አላውቅም እላለሁ።

ያረፍኩበት ቤት የስልክ ቁጥር ከታች አለ። አትደውዪም፣ አውቃለሁ፤ ዝም ብዬ ነው የጻፍኩት።

ልጅሽ


ጥር 20፣ አርብ

ፌንጣዬ፣

ለምን ሰማሽኝ?

ከተወለድሽ ጀምሮ ሰምተሽኝ አታውቂም። ካልሲ ደርቢ ስልሽ ያደረግሽውን ታወልቂያለሽ። ተራራ አትውጪ ስልሽ ወጣሽ። ምነው ታዲያ በዚህ በአንዱ፣ ለይተሽ በዚህ በአንዱ፣ «እሺ እማማ» አልሽ?

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ትናንት ነው። «እሺ» የምትለዋ ቃል ገና ከላይ ተቀምጣ አየኋትና ደስ አለኝ። ከዚያ ወደ ታች ወረድኩ። ግንባርሽን የሳመችሽ ቦታ ላይ ስደርስ ደስታዬ የት እንደገባ እንጃ። ጥጤን መንደፍ ጀመርኩ። ስነድፍ ስነድፍ ያ መሪ መጣብኝ። በሩ ላይ ቆሞ «ጠይቄአቸዋለሁ» ይላል፣ ከዚያ ዝም። «ልጅቷንም ጠይቄአታለሁ፣ ደህና ነው ብላኛለች» ማለት እኮ ይችል ነበር! አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። አላለም። እኔ ደግሞ ምን ብዬ ጻፍኩልሽ? አፍ አለው ብዬ። አፍማ አለው፤ ይዞልሽ ነው።

ሹፌሩ ቤት ሄድኩ። እግሩን ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፎ አገኘሁት። «ዛሬ ንዳ» አልኩት። «እማማ፣ ነገ ነው ተራዬ።» «ነገ ምን ይሠራልኛል?» «ታዲያ አውቶቡሱ የኔ ነው?» ብሎ ጮኸ። ይኼ ሁሉ ጩኸት ሲያልቅ ደብዳቤ አርብን እንደማይቀድም ገባኝ። ነጠላ ጫማዬን እየጎተትኩ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ሄድኩ።

ዝናብ ነበር፣ ሱቁ ሙሉ ሰው ተጠልሎበታል። በመሀል በርጩማ ላይ ቆማ ቀሚሷን የምታስጠልፈው ማን ብትሆን ጥሩ ነው? የአለቃሽ ሚስት።

«ስልኩን ስጪኝ፣ እናንተ ደግሞ ውጡልኝ» አልኩ።

«በዚህ ዝናብ የት እንውጣ እማማ?» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ አፏ ውስጥ ስፒል ይዛ።

ደወልኩ። ያረፍሽበት ቤት ባለቤት አነሳች። «ሆስፒታል ናት» አለችኝ። ጥሪያት አልኳት። «ከዚህ እስከዚያ? ምን ልበልልዎት፣ ይንገሩኝና እነግራታለሁ።» መስመሩ አሸዋ እንደሚያኝክ ሰው ይንኮሻኮሻል። ስለዚህ ጮኽኩ። ምን ላድርግ፣ ጮኽኩ! «ተናገሪ ብላለች በያት! አያትሽ ተናገሪ ብላለች! መሪው ጠይቋል! ሰውየው አሞት እንደነበረ አውቅ ነበር፣ ክኒኑንም የሰጠሁት እኔ ነኝ ብለሽ ተናገሪ በያት!» የስፌት መኪናው ቆመ። ዝናቡም የቆመ መሰለኝ። ከወዲያ «ምን? ምን ሰጠች?» የሚል ሰማሁ፣ ከዚያ ተቋረጠ። መልሼ ብሞክር አልያዘም።

ስዞር የአለቃሽ ሚስት ከነስፒሏ ቆማለች። «እማማ፣ የምን ክኒን?»

«ቀሚስሽ አጥሯል» አልኳትና ወጣሁ።

ዛሬ ገና ሲነጋ አለቃሽ ራሱ በር ላይ ነበር። ተቀመጥ አልኩት፣ አልተቀመጠም። ሁሉንም ነገርኩት፣ ምንም አላስቀረሁ፤ የደበቅኩት ቢኖር የኔን ማልቀስ ነው። አልተሳደበም፣ እሱን አልዋሽበትም። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና «ካፖርቱን መልሱልኝ» አለ። ታጥቦ ተተኩሶ ነበር፣ አጥፌ ሰጠሁት። እናትሽ ከፈረቃ ስትመለስ በሩ ላይ ተገናኙ። እሱ ሲሄድ በእጁ የያዘውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ ወንበር ስባ ተቀመጠችና «እኔ ብቻ ነኝ ብርድ ነው የተባልኩት?» አለች። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። እውነቷን ነው።

አሁን አርብ ነው፣ ረፋድ ላይ። እዚያ ተቀምጠሻል ማለት ነው። ሴትየዋ ነግራሽ እንደሆነ፣ ረስታው እንደሆነ፣ ስለ ክኒን የምትጮህ አንዲት እብድ ደወለች ብላ ስቃ ትታው እንደሆነ አላውቅም። ይህ ወረቀት ሲደርስሽ ነገሩ ሁሉ አልፏል። ግን ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ጥጡንም ነድፌ ጨረስኩት።

አያትሽ


ጥር 25፣ ረቡዕ

ልጄ፣

ስለዚህ የጮኽኩት በከንቱ ነው።

ሴትየዋ መልዕክቴን የነገረችሽ ከስብሰባው ስትመለሺ ነው። አንቺ ግን ገና ጠዋቱን ተነስተሽ ተናግረሻል። ይህን ሳነብ እናትሽን ከእንቅልፏ ቀሰቀስኳት። «አልሰማችኝም!» አልኳት፣ «ልጅቷ አልሰማችኝም!» አምስት ቀን አኩርፋኝ የከረመችው ሴት ትራሷን ወረወረችብኝ። ከዚያ «ስጪኝ» ብላ ራሷ አነበበችው። አሁን እንነጋገራለን፣ ቢያንስ ስለ ጨው።

«ምስክር አለህ ወይ?» ሲሉት መሪው «የለኝም» አለ አልሽኝ። አንቺ እዚያው ሦስት ወንበር ርቀሽ ተቀምጠሽ! ያኔ ነው የተነሳሽው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ግን እኔም እንዳንቺ አልጠበቅኩትም። በቃ ነጻ ወጣ ብዬ ነበር። እሱ ግን «ስጠይቃት ጫማዋን ነበር የምታየው። አይቻለሁ። ሁለተኛ መጠየቅ ነበረብኝ፣ መውጣት ፈልጌ ዝም አልኩ» አለ። ፈቃዱን ለዘለዓለም አልነጠቁትም፣ የዘንድሮውን ወቅት ግን ከለከሉት። ዘንድሮ ምን እንደሚበላ እንጃ። በበሩ ሲወጣ አይቶሻል ወይ ብዬ አልጠይቅሽም። አይቶሽ እንደሆነ አንቺው ያዢው።

ሚስትየዋ ተነስታ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ኮሪደሩ ላይ ማዶ ካለው ወንበር ነው የምትቀመጠው። ብርቱካኑን ልጠሽ ብትሰጫት አልተቀበለችሽም። «ልጄ» ቀረ። ሰኞ ዕለት መጥታ፣ ሳታይሽ፣ «ቤቴን ዘግቼ ነው የመጣሁት፣ በሳምንቱ መጨረሻ ለጥቂት ቀን መመለስ አለብኝ። ምሳውን አንቺ ታጎርሺዋለሽ» አለችሽ። አንቺ ደግሞ «ይቅርታ ነው ወይስ ቅጣት?» ብለሽ ትጠይቂኛለሽ።

ሁለቱም አይመስለኝም። ሰውዬው ምሳ መብላት አለበት። በቃ። ደግፈሽ ቀና አድርጊው፣ ማንኪያውን አትሙዪ፣ ዋጠ ሳትዪ ሁለተኛ አትጨምሪ። «አንቱ» ቢልሽ «አቤት» በዪው።

ያኔ የጠየቅሽኝን ፍርድ ቤት ነኝ ወይ ብዬ አልፌዋለሁ። አሁን እመልስልሻለሁ። አዎ ልጄ፣ ጥፋት አለብሽ። ባይኖርብሽ ምንኛ ደስ ባለኝ። እኔም አለብኝ። መጀመሪያ ክኒኑን የሰጠሽው ሳታስቢ ነው፤ «አልነገሩኝም» ያልሻት ግን እኔ ስላልኩሽ ነው። ያቺን ቃል እኔ ነኝ ከዚህ ጽፌ የላክሁልሽ። ሴትየዋ ግንባርሽን ስትስም የሳመችው የኔን ውሸት ነው።

ስለዚህ እመጣለሁ። ነገ፣ በአውቶቡሱ። ላንቺ ልከራከር አይደለም የምመጣው፣ ደስ አይበልሽ። ሴትየዋ ከመሄዷ በፊት ልደርስባት ነው። «ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ» እላታለሁ፣ ከዚያ የምትለኝን ትበለኝ። ብታባርረኝ ከግቢው በር ላይ እቀመጣለሁ። ብትሰድበኝ አልመልስም፤ ይህን ስጽፍ እናትሽ ከትከሻዬ ላይ ሆና እያነበበች «አንቺ? አትመልሺም?» ብላ ሳቀች። አልመልስም። ምላሴን ነክሼ እይዛለሁ። ባለሱቁ ፍራሹን ወስዷል፣ ጉድጓዱን ትንሽ ትቼለታለሁ፣ ሌላ የጀመርኩት ሥራ የለም። እናትሽ ቤቱን ትጠብቃለች፣ ፈረቃዋን ትታ ልትመጣ ፈልጋ ነበር፣ ያለን ደመወዝ ግን የሷ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አላውቅም። ሰውዬው ሚስቱን አንድ ቀን ይለያት ይሆናል፣ ወይም ዕድሜዋን ሙሉ «አንቱ» ሲላት ይኖር ይሆናል። ሐኪሙም አላውቅም ብሎሻል፣ ሐኪም ያላወቀውን እኔ ከየት አመጣዋለሁ? አንቺ ሥራ የለሽም። ይኼ ሁሉ እዚያው ነው፣ እኔ ስለመጣሁ አይቀልም።

ሹፌሩ አሁን መጥቶ ነበር፣ መቀመጫ ያዝልኝ ልለው አስጠርቼው። ስጽፍ አገኘኝና፣ «እማማ፣ ነገ ራስዎ እየሄዱ ደብዳቤ ምን ያደርጋል?» አለ።

«አንተ መሪህን አዙር» አልኩት። ላንቺ ግን ልንገርሽ። ፊት ለፊት ስሆን ምላሴ ይቀድመኛል። ገና ስወርድ ከስተሻል እላለሁ፣ ካልሲሽን እላለሁ፣ በሹፌሩ አነዳድ እቀልዳለሁ፣ ይኼኛው ሳይወጣ ቀኑ ይመሻል። እኔ ቀስ የምለው ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

ስለዚህ ስወርድ እንዳትስሚኝ። ወረቀቱን እሰጥሻለሁ። እዚያው አውቶቡሱ ሥር ቁሚና መጀመሪያ አንብቢው፤ እኔ ዝም ብዬ አጠገብሽ እቆማለሁ።

ከዚያ ቀና በዪ።

አያትሽ